ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የብር ፈተና

ገንዘብ በራሱ ርኩስ እንዳልሆነ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ ስታስተምር ኖራለች። ብሩም ወርቁም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። አብርሃም ባለጠጋ ነበረ፤ ኢዮብም ባለጠጋ ነበረ፤ የጌታን ሥጋ ለምኖ በአዲስ መቃብር ያኖረው የአርማትያሱ ዮሴፍም ባለጠጋ ነበረ። ነገር ግን ገንዘብ ለሰው አገልጋይ ሆኖ የተሰጠ ሲሆን ሰው በገዛ ፈቃዱ ጌታ ያደርገዋል፤ ጌታ ካደረገውም በኋላ ያለ ዕረፍት ይገዛለታል። መድኃኒታችን ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ባስተማረ ጊዜ ከእግዚአብሔር ትይዩ ያቆመው የድንጋይና የእንጨት ጣዖትን ሳይሆን ገንዘብን መሆኑ፥ ምን ያህል ልንጠነቀቅ እንደሚገባን ያስረዳናል።

ይህ ትምህርት ለነጋዴና ለባለጠጋ ብቻ የተነገረ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የገንዘብ ፈተና ግን በቤተ መንግሥትም በገዳምም በጎጆም ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ሕይወት ከዚህ ወገን ልንመለከተው አስበናል። ስለ ጀግንነታቸውና ስለ ጦርነታቸው ብዙ ተጽፏል። እኛ የምንመረምረው ግን፥ ዛሬ ካፒታሊዝም የሚባለው የዓለም የገንዘብ ሥርዓት በመርከብና በባንክ ተጭኖ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ዓባይ ሸለቆ በደረሰበት ዘመን፥ አንድ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ንጉሥ በፊቱ እንዴት እንደ ቆሙ፥ በምን እንደ ጸኑና በምን እንደ ተፈተኑ ነው።

ነገራችንን ከመተማ እንጀምር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት የተፈጸመው በዚያ ነውና። መተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ፥ ደጋው ወርዶ ወርዶ ከሱዳን ሜዳ ጋር በሚገናኝበት ቆላ የምትገኝ የድንበር ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፥ ሰሙን፥ ዝባዱን፥ ቆዳውን ይዞ የሚደርሰው ወደዚህች ገበያ ነበር፤ ከሱዳን የሚመጣውም ነጋዴ ልዩ ልዩ ሸቀጡን ይዞ በዚያ ይጠብቀው ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲመላለሱ በዚያ የቀሩ ተክሩሮች የሚባሉ ሰዎች ሰፍረውባት ስለ ነበር፥ ሹሞቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር እየከፈሉ በሁለቱ መካከል ይኖሩ ነበር። ሁሉም ነገር በማርያ ትሬዛ ብር ይሸጣል፤ ይለወጣል። ይህ ሁሉ መልካም በሆነ ነበር። ነገር ግን ከቡናውና ከሰሙ ጎን የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰውም በገመድ ታስሮ ቀርቦ፥ ዋጋው በብር ይቈጠር ነበር። ስለዚህ መተማ የገበያን በረከትም የገበያን ኃጢአትም በአንድ አደባባይ የምታሳይ ከተማ ነበረች።

ዐፄ ዮሐንስ በ1820ዎቹ ዓመታት በትግራይ ተምቤን ከሹም ተምቤን ምርጫና ከወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ ሲሆን የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነበር። በዚያ ዘመን በዘበዘ የሚለው ቃል በጠላት ላይ ሲነገር የጀግና ምስጋና ነበረ። ዛሬ ደግሞ ብዝበዛ ስንል የድሀውን ላብና ድካም ያለ ዋጋ መውሰድን እናስባለን። አንዱ ቃል ሁለቱን ትርጉም መሸከሙ በከንቱ አይደለም፤ ጠላትን ለመበዝበዝ የወጣ ሠራዊት ሲርበው ወገኑንም ወደ መበዝበዝ እንደሚመለስ ወደ ፊት እናያለንና።

ካሣ የዓለምን የብር ኃይል በቅርብ ያዩት በ1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋትና እስረኞቹን ለማስለቀቅ ከዙላ ተነሥቶ በትግራይ በኩል ወደ መቅደላ አለፈ። ይህ ጦር እንደ ቀድሞው ዘመን ሠራዊት እህሉን ቀምቶ የሚበላ አልነበረም፤ ገለባውንም፥ ገብሱንም፥ በቅሎውንም በብር ይገዛ ነበር። ለዚሁም ሲባል በቪየና ከተማ የማርያ ትሬዛ ብር በብዛት ተመትቶለት መጣ። የዘመቻው ወጪ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ገበሬው ከዚያ በፊት በዘመኑ ሁሉ ያላየውን ብር በአንድ ወር ሲያይ፥ ጥይት ሳይተኰስ መንገድ የሚከፍት ሌላ መሣሪያ መኖሩን አገሩ ሁሉ ተማረ።

ካሣ በየካቲት ወር ከናፒየር ጋር ተገናኝተው ጦሩ በሰላም እንዲያልፍና እህል እንዲሸጥለት ፈቀዱ። ጦሩም በተመለሰ ጊዜ መድፍና በመቶ የሚቈጠር ጠመንጃ ከነጥይቱ ሰጥቷቸው ሄደ። ስለዚህ ነገር በታሪክ ላይ ብዙ ክርክር አለ። አንዳንዱ የአገሩን ንጉሥ ለባዕድ አሳልፎ መስጠት ነው ሲል፥ ሌላው ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ከመቅደላና ከአካባቢዋ በቀር አገሩን ማስገበር እንዳቃታቸው፥ ካሣም ሊመልሱት ከማይችሉት ጦር ጋር ከመዋጋት ሕዝባቸውን ማዳናቸውን ይናገራል። እኛ ፈራጆች አይደለንም። ይሁን እንጂ ይህን ማስተዋል ይገባናል፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሣ በዓድዋ አጠገብ በአሰም ከእርሳቸው በብዙ የሚበልጠውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል ያደረጉት በዚያ ጠመንጃ ነው። ከባዕድ የተቀበሉት ስጦታ መንገድ ከፈተላቸው፤ ከባዕድ ጋር የሚደረግ ውል ሁሉ መልካም ፍሬ የሚያፈራ መስሎ የሚታየውም እንዲህ ካለ ጅማሬ በኋላ ነው። የዚህን እምነት ዋጋ በኋላ በመተማ ከፈሉት።

ከዚህ አስቀድሞ በ1861 ዓ.ም. ካሣ ወደ እስክንድርያ ልከው አቡነ አትናቴዎስን አስመጥተው ነበር። አንባብያን እንደምታውቁት በዚያ ዘመን ጳጳስ ከግብፅ ለማምጣት ገጸ በረከትና ብዙ ገንዘብ መላክ የቈየ ልማድ ነበር። ጸጋ በገንዘብ አይገዛም፤ ሲሞን መሠርይ ይህን ሊያደርግ ወድዶ በቅዱስ ጴጥሮስ አፍ ተረግሟልና። ሆኖም የኢትዮጵያ ሕዝብ ለጥምቀትና ለቍርባን የሚያስፈልገውን ክህነት እንዳያጣ ነገሥታቱ ይህን ወጪ እንደ መንገድ ስንቅ ቈጥረው ሲከፍሉ ኖሩ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ሥርዓተ መንግሥት ተፈጽሞላቸው ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በ1870ዎቹ መጀመሪያም አቡነ ጴጥሮስን፥ አቡነ ማቴዎስን፥ አቡነ ሉቃስንና አቡነ ማርቆስን በአንድ ጊዜ አስመጡ። ከዚያ በፊት ለአገሪቱ የሚላከው አንድ ጳጳስ ብቻ ስለ ነበር፥ ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ነገር ነበር። የመንግሥታቸውን ሀብት በምን ላይ ለማዋል እንደ ወደዱ ከዚህ ይታወቃል።

ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡባት አክሱም ስለ ገንዘብ የምታስተምረው ሌላ ነገርም አላት። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት አንሥቶ መስቀልን አተመበት፤ በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ በቀዳሚነት ካተሙት ነገሥታትም አንዱ ሆነ። ይህም ገበያው ራሱ ከክርስቶስ ጌትነት ውጭ እንዳልሆነ የሚመሰክር ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ግን አገሪቱ የራስዋ ገንዘብ አልነበራትም። ትንሹ ልውውጥ በአሞሌ ጨው ሲሆን ትልቁ በማርያ ትሬዛ ብር ነበር፤ በብሩም ላይ ያለው መልክ በ1773 ዓ.ም. ያረፈችው የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ነው። በኢትዮጵያ ንጉሥ ስም አዲስ ብር የተመታው ከእርሳቸው በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ ዐፄ ዮሐንስ በባዕድ ብር እየተገበያዩ አገራቸውን ለባዕድ ሳያስገዙ የመኖር ከባድ ሥራ ነበረባቸው።

የሥራው ክብደት ከግብፅ ጋር በተደረገው ጦርነት ታየ። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል አገሩን በአንድ ትውልድ እንደ አውሮፓ ለማድረግ የሚመኝ ሰው ነበር። የስዌዝ ቦይ በኅዳር 1862 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የምድር ባቡርም፥ ቤተ መንግሥትም፥ የጥጥ እርሻም በረከተ። ገንዘቡ ግን ከአውሮፓ ባንኮች በወለድ የተወሰደ ነበር። ከእርሱ በፊት 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የነበረው ዕዳ በእርሱ ዘመን ወደ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ለአሮጌው ዕዳ ወለድ ለመክፈል አዲስ ዕዳ ይገባ ነበር፤ ለዚያም አዲስ ዕዳ ወለድ ሲባል ገበሬው ገና ያልዘራውን አዝመራ ግብር በቅድሚያ እንዲከፍል ይገረፍ ነበር። የዓባይን ምንጭና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ለመያዝ ሠራዊቱን በአውሮፓና በአሜሪካ መኰንኖች እያስመራ ወደ ኢትዮጵያ የላከውም በዚሁ ጊዜ ነው።

በኅዳር 1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ይህን ሠራዊት በጉንደት ደመሰሱት። በዚያው በኅዳር ወር እስማኤል ዕዳው አስጨንቆት በስዌዝ ቦይ ላይ የነበረውን ድርሻ ሁሉ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ሠራዊት በጉራዕ ተሸነፈ፤ ብዙ መድፍና ጠመንጃም ተማረከ። ጥቂት ወራት ሳይቈይ የግብፅ ግምጃ ቤት ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ አበዳሪዎቹም የአገሪቱን ገቢ የሚቈጣጠር ጽሕፈት ቤት በካይሮ አቆሙ። እስማኤል በ1871 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ተሻረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የእንግሊዝ ጦር ግብፅን ያዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሁለቱ ገዥዎች በአንድ ዘመን፥ በአንድ ወንዝ ራስና ግርጌ ይገዙ ነበር። አንደኛው ቦይ፥ ባቡርና ባንክ ነበረው፤ ሁለተኛው ድንኳንና አሞሌ ጨው። ባለ ባንኩ አገሩን ያጣው በጦር ሜዳ ከመሸነፉ ይልቅ በመዝገብ ላይ በጻፈው ፊርማ ነው። ይህን የምንለው ሥራንና ሥልጣኔን ለመንቀፍ አይደለም፤ ድህነትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ነገር ግን ጠቢቡ ሰሎሞን ተበዳሪ የአበዳሪ አገልጋይ እንደሚሆን ያስተማረው ነገር በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በመንግሥትም ላይ እንደሚፈጸም ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ዐፄ ዮሐንስ ለወራሾቻቸው የአውሮፓ ባንክ ዕዳ አልተዉም።

ከድል በኋላ ያለው ፈተና ከድል በፊት ካለው ይበልጣል ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው ኑሮ እንደ ባሕታዊ የሚቈጠሩ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እቴጌ ጥበበ ሥላሴ ካረፉ በኋላ ዳግመኛ ሳያገቡ በጾምና በጸሎት ኖሩ። ለኢየሩሳሌም ገዳማችንም ገንዘብ ልከው፥ በከተማይቱ ምዕራባዊ ክፍል የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ፍጻሜውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሆነ። ዛሬም ወደዚያ የሚሄድ ምእመን በዚያ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም የሁለቱን ነገሥታት ምጽዋት ያያል። ከንጉሡ ሀብት ሌላው ሁሉ ተበትኗል፤ ለእግዚአብሔር የሰጡት ግን እስከ ዛሬ ቅዳሴ ይቀደስበታል።

ነገር ግን ሕይወታቸውን የምንጽፈው ለውዳሴ ብቻ ስላይደለ የሚከብደውንም መናገር ይገባል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የሃይማኖት ክርክር ተቈረጠ፤ የቤተ ክርስቲያን አንድነትም ጸና። ከዚያ ጋር ግን እስላሞች እንዲጠመቁ፥ ሹማምንቱም ሹመታቸውን ይዘው ለመኖር ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። ከልባቸው ያመኑ አሉ። ለርስትና ለሹመት ሲሉ የተጠመቁም አሉ። እሺ ያላሉት ደግሞ፥ ከእነርሱም መካከል ብዙ ነጋዴዎች፥ አገራቸውን እየተዉ ወደ መተማ ተሰደዱ፤ ከእነርሱም በኋላ ከደርቡሽ ጋር ሆነው የወጉን ነበሩ። እምነት በሹመት ሲለካና በፍርሃት ሲሸጥ በነፍስ ገበያ እንደ መነገድ ይቈጠራል። ጌታ ማንንም በገንዘብ አልጠራም፤ ባለጠጋውን ወጣት እንኳ እያዘነ ሲሄድ ተወው እንጂ አልያዘውም። ይህ የአባቶቻችን ዘመን ነገር ለእኛ ማስተማሪያ ሊሆን ይገባል።

በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዓድዋ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከአድሚራል ሂዌት ጋር ውል ተደረገ። በውሉ መሠረት ግብፅ ይዛው የነበረው የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምጽዋም በኩል ሸቀጥና የጦር መሣሪያ ያለ ቀረጥ ያልፋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በበኩላቸው በሱዳን ድንበር በደርቡሽ የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ያስወጣሉ። በዚያው ጊዜ የባሪያን ንግድ ለመከልከል ሌላ ውል ተፈረመ። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይናገራል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ንግድ በስማቸው መከልከላቸው በመልካም ይታሰብላቸዋል። ነገር ግን ክልከላው በመንገዱና በገበያው ሁሉ አልደረሰም። ትርፍ ሲበዛ ሕግ ይደክማልና፥ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ እስኪቀር ድረስ እስከ 1934 ዓ.ም. ብዙ ዓመታት አለፉ።

ንጉሠ ነገሥቱ የገቡትን ቃል ፈጸሙ። የመተማን የግብፅ ወታደሮች አስወጡ፤ ራስ አሉላም በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ብዙ ደም ፈሰሰ። ውሉን ያደረገችው እንግሊዝ ግን ኢጣልያ በጥር 1877 ዓ.ም. ምጽዋን ስትይዝ ዝም አለች፤ ያለ ቀረጥ ሊተላለፍ የተፈረመለት በርም በሌላ እጅ ገባ። ዐፄ ዮሐንስ የከፈሉት በሰው ነፍስ ነበር፤ የተቀበሉት ደግሞ ወረቀት። በዓለም የንግድ ሥርዓት ውል የሚጠበቀው ለጠባቂው እስከ ጠቀመው ድረስ ብቻ ነው፤ ክርስቲያን ግን ቃሉን የሚጠብቀው እግዚአብሔርን ስለሚፈራ ነው። በዚህ ንጉሡ ተጐዱ እንጂ አላፈሩም።

የደርቡሽ ቍጣ በጎንደር ላይ ወረደ። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ ተሸነፉ፤ የአቡ አንጃም ጦር ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም ማርኮ በመተማ መንገድ ነዳ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጊዜ ከኢጣልያ ጋር በሰሜን ተፋጥጠው ነበር። በሰኔ ወርም አንድያ ወራሻቸው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ አረፈ። ከዚያም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ጥርጣሬ አድሮባቸው ወደ ጎጃም ሲዘምቱ፥ ደመወዝ የማይቈረጥለት ሠራዊት እንደ ጥንቱ ልማድ ከገበሬው ቤት ይበላ ነበርና የጎጃም ገበሬ እህሉንም ከብቱንም አጣ። አባ በዝብዝ የሚለው ስም በወገን ላይ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። የከብት በሽታና ድርቅ ያመጡት ክፉ ቀንም በአገሩ ላይ ይወርድ ነበር። የገበሬውን በሬ ያረደ ሠራዊት የሚመጣውን ዓመት አዝመራ እንዳረደ ይቈጠራል። ንጉሥ ቢሆንም ጻድቅ ቢሆንም የድሀውን እንባ እግዚአብሔር ሳይጠይቅ አያልፍም።

ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ያወቁ ይመስለናል። በ1881 ዓ.ም. ወደ መተማ ከመውረዳቸው በፊት ለደርቡሽ አዛዥ ለአቡ አንጃ የሰላም መልእክት ልከው፥ ድሆች በከንቱ እንዳያልቁ፥ ነጋዴዎችም በሁለቱ አገር በሰላም እንዲመላለሱ፥ አውሮፓውያንን በአንድነት እንዲመክቱ አሳሰቡ። መልሱ ንቀትና ስድብ ሆነ። ሁለቱ መንግሥታት ቢታረቁ ኖሮ የመተማ ገበያ የሰላም ደጅ በሆነች ነበር፤ ሳይታረቁ ስለ ቀሩ ግን የሁለቱም መቃብር ሆነች። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ሱዳን በእንግሊዝ እጅ፥ መረብ ምላሽም በኢጣልያ እጅ ወደቁ።

ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ ሆነ። የኢትዮጵያ ሠራዊት የእሾህ አጥሩን ጥሶ ከተማይቱን ሊይዝ በተቃረበ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ፤ ድል የሚመስለው ወደ ሽንፈት ተለወጠ። ራስ መንገሻን ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን አስታውቀው በማግሥቱ መጋቢት 2 ቀን አረፉ። ደርቡሾችም አስከሬናቸውን ከያዙት ሰዎች ማርከው ራሳቸውን ወደ ኦምዱርማን ወሰዱ፤ የመንግሥቱ ዕቃም ለምርኮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች።

አሁን ካህናት አባቶቻችን የባሕረ ሐሳቡን ቍጥር እንዲያስቡልን እንለምናለን። የ1881 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 14 ቀን ውሎ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ስንቈጥር ዘመቻው በዐቢይ ጾም እንደ ሆነ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉባት መጋቢት 2 ቀንም የጾሙ ሦስተኛ እሑድ፥ ምኩራብ፥ እንደ ነበረች እናገኛለን። በዚያች ቀን ቤተ ክርስቲያን የምታነበው ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ የለዋጮችን ገበታ የገለበጠበትን፥ ብራቸውን የበተነበትን፥ ርግብ ሻጮችን ያስወጣበትን ወንጌል ነው። ከዚህ የተለየ ምስጢር አለ ብለን ለመናገር አንደፍርም። ነገር ግን በየዓመቱ ምኩራብ ሲደርስ መተማንም ማሰብ ለነፍስ ይጠቅማል። ጌታ ገበያን ሁሉ አልረገመም፤ ያስወጣው ለጸሎት በተለየው ስፍራ ገበታውን የዘረጋውን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ሰው ራሱ መሆኑን ያስተምረናል። እንግዲያስ ሰውን በዋጋ የሚሸጥ፥ የሰውን እምነት በሹመት የሚለውጥ፥ የሰውን ላብ ያለ ዋጋ የሚወስድ ሁሉ በቤተ መቅደስ ገበታውን ዘርግቶ የተቀመጠ ለዋጭ ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የመተማና የአካባቢዋ ቆላ ዛሬ ሰሊጥና ጥጥ ያበቅላል፤ ሰሊጡ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል፤ ዋጋውም አርሶ በማያውቀው ሩቅ አገር ይቈረጣል። በአጨዳ ጊዜ ከደጋው ብዙ ድሀ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ ወባና ካላዛር በሚነድፍበት በረሃ ያጭዳል። ዋጋው በሰዓቱ ከተሰጠው ያ ሰሊጥ በረከት ነው፤ ከተከለከለ ግን ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳስተማረው የተከለከለው ዋጋ ራሱ ወደ ጸባኦት ጆሮ ይጮኻል። በዚሁ ድንበር ወጣቶቻችንን ወደ ሱዳን፥ ከዚያም በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ አሻግራለሁ እያለ የሚያታልል ደላላ አለ፤ በመንገድ የሚይዟቸውም ሰዎች ከእናትና ከአባታቸው ማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ይህ የጥንቱ የባሪያ ገበያ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ተሰድደው ገብተዋል። ደርቡሽ በወጣበት መንገድ ዛሬ ስደተኛ እናት ልጅዋን አዝላ ስትመጣ፥ በውኃና በዳቦ ላይ ዋጋ የሚጨምርባት ክርስቲያን ነጋዴ ቢኖር የዮሐንስን ከተማ ስም አዋርዷል፤ አንድ እንጀራ የሚሰጣት ግን ለጌታ አበድሯል።

እኛ ካህናትም ራሳችንን እንመርምር። የሰበካ ጉባኤው ሣጥን፥ የአሥራቱ፥ የስእለቱ ገንዘብ የድሆች አደራ ነው። መዝገቡ ለምእመናን የማይገለጥ፥ ወጪው በምስክር የማይታይ ደብር ስለ ባለጠጎች ስስት ሊሰብክ አፍ የለውም። በነጋዴው ፊት የምናፍር ካልሆንን ብቻ ነጋዴውን ልንገሥጽ እንችላለን።

ዐፄ ዮሐንስ ፍጹም ሰው አልነበሩም፤ ፍጹም አንድ እግዚአብሔር ነው። ከሕይወታቸው የምንወስደው ግን ግልጥ ነው። አገራቸውን በዕዳ አልሸጡም፤ ቃላቸውን በትርፍ አልለወጡም፤ ሀብታቸውን ለቤተ እግዚአብሔር ሰጡ፤ በመጨረሻም ለሌላው የሚያዝዙትን ሞት ራሳቸው በፊት ተሰልፈው ተቀበሉ። የተሳሳቱበትም፥ በእምነትና በድሀው ከብት ላይ የሆነው፥ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተጽፏል። እያንዳንዳችንም በእጃችን ያለውን ብር ዛሬ ማታ ስንቈጥር ከእርሱ ውስጥ የማን ላብ፥ የማን እንባ እንዳለ እንጠይቅ፤ የሌላው ሆኖ ካገኘነው እንደ ዘኬዎስ ሳንዘገይ እንመልስ።

የንጉሠ ነገሥቱንና በመተማ የወደቁትን ሁሉ ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን፤ እኛንም ከገንዘብ ባርነት አውጥቶ ለእርሱ ብቻ የምንገዛ ያድርገን። አሜን።